የአናጺ ቤት ፕሬስ ለእርጥብ ደን፦ ፍሬሙ ይገዛ፣ ቀበቶው ይቀየር

ክረምቱ ሲወጣ ለደን ዕፅዋት ጥናት የሚቀጠሩ የመስክ ባለሙያዎች ከሚይዟቸው ዕቃዎች ሁሉ ብዙ የሚንገላታው ፕሬሱ፣ ማለትም የተቆረጠ ቅጠልና አበባ በወረቀትና በካርቶን መሃል ተጭኖ የሚደርቅበት ዕቃ ነው። ጂፒኤሱ ኪስ ውስጥ፣ ሜትሩ ወገብ ላይ ይሄዳል። ፕሬሱ ግን ጭቃ ላይ ይቀመጣል፣ የመኪና ጣሪያ ላይ ይታሰራል፣ ማታ ማታ ከከሰል በላይ ያድራል። ከውጭ የሚመጣው ውድ ስለሆነና እንደልብ ስለማይገኝ አብዛኛው ሰው ከአናጺ ያሠራል፤ ሁለት የርብራብ ፍሬም፣ ሁለት ቀበቶ፣ አንድ እስር ካርቶን። እዚህ የምንገመግመው ይህንኑ ነው።

ፍርዳችን ይህ ነው። ፍሬሙ ደህና እንጨት ከተመረጠለት ከውጭ ከሚመጣው አያንስም። አብሮት የሚሰጠው ቀበቶ ለሥራው አይሆንም። ካርቶኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ በተሳሳተ አቅጣጫ ተቆርጦ ስለሚመጣ እንደ አዲስ መቁረጥ ያስፈልጋል። መናገሻ ሱባን ወይም ጭልሞን በመሰለ ደረቅ ደን ለሚሠራ ሰው እነዚህ ጉድለቶች ብዙም ላይሰሙት ይችላሉ፤ የተሰበሰበው ቅጠል በደረቅ አየርና በፀሐይ ይድናል። ሐረናን፣ ቦንጋን ወይም ያዩን በመሰለ እርጥብ ደን የገባ ሰው ግን በሦስተኛው ቀን ፕሬሱን ሲፈታ ሻጋታ ያገኛል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። መጭመቅ ቅጠሉን ጠፍጣፋ አድርጎ ይይዛል እንጂ አያደርቀውም። ውኃውን ይዞ የሚወጣው በካርቶኑ ሁለት ወረቀቶች መሃል ባለው የሞገድ ቦይ ውስጥ የሚያልፈው አየር ነው። አየር የማያልፍበት ፕሬስ የቱንም ያህል ጠንክሮ ቢታሰር ናሙናውን አፍኖ ያበሰብሳል። ስለዚህ ፕሬስ ሲገዛ እንጨቱን ከማየት በፊት አየሩ ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ መጠየቅ ይገባል።

ከመጠኑ እንጀምር። ሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ዕፅዋት ስብስብ በሚጠበቅበት ቤት ውስጥ ናሙና የሚለጠፍበት ወረቀት ወደ 42 በ29 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ የፍሬሙ ልክ 45 በ30 ነው። አናጺዎች «ሰፋ ቢል ምን ይጎዳል» ብለው 50 በ40 ያደርጉታል። ይጎዳል። ሰፊ ፍሬም ያየ ሰብሳቢ ሰፊ ቅርንጫፍ ይጨምርበታል፤ ከደረቀ በኋላ ወረቀቱ ላይ አልገባ ሲል መስበር ግድ ይሆናል፤ የሚሰበረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አበባው ያለበት ጫፍ ነው። በዚያ ላይ ካርቶኑ ከፍሬሙ ካነሰ ጠርዙ ላይ ግፊቱ እኩል አይሆንም።

ርብራቡ 5 ረጅምና 7 አጭር ጣውላ ይበቃዋል፤ የእያንዳንዱ ስፋት 3 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ ከ8 ሚሊ ሜትር እስከ 1 ሴንቲ ሜትር። በዚህ አሠራር በጣውላዎቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት ከ4 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ከዚያ ከሰፋ ካርቶኑ ወደ ክፍተቱ ይሰረጉድና ቅጠሉ ላይ ሞገድ ይሠራል። ጣውላዎቹ የሚገናኙበት ቦታ ሁሉ በምስማር ወይም በብሎን መያያዝ አለበት። የእንጨት ሙጫ ብቻውን አይታመንም፤ ማታ ሙቀት፣ ቀን ጤዛ ሲፈራረቁበት ይለቃል። የምስማሩ ጫፍ ወደ ውጭ ወጥቶ መታጠፍ ይኖርበታል። ወደ ውስጥ የቀረ ጫፍ ካርቶኑን ቀዶ ናሙናው ላይ ይደርሳል፤ ሌሊት በፋኖስ የሚያስር ሰውንም እጁን ይወጋዋል።

የእንጨቱ ምርጫ ላይ ዝም ብለን ማለፍ አንፈልግም። ብዙ አናጺ ጥሩ ፕሬስ ሲባል ወዲያው ዋንዛ ያቀርባል። ዋንዛ ለመላግ የሚመች፣ ሲደርቅም የማይጣመም እንጨት መሆኑ እውነት ነው። ግን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው አራት አገር በቀል ዛፎች አንዱ ዋንዛ ነበር፤ ሌሎቹ ኮሶ፣ ዝግባና ጽድ ናቸው። ደኑን ሊቆጥር የሚሄድ ሰው ከዚያው ደን የወጣ ዋንዛ ተሸክሞ መሄዱ ደስ አይልም። በእርሻ ላይ የተተከለ መሆኑ ካልታወቀ የፈረንጅ ጽድ ወይም ግራቪሊያ ማሠራት ይሻላል፤ ሁለቱም ቀላል ናቸው፣ ለዚህ ሥራም ጥንካሬያቸው ይበቃል። መራቅ ያለብን ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ነው። ርካሽ ነው፣ ጠንካራም ነው፤ ነገር ግን ይከብዳል፣ ከከሰል በላይ ጥቂት ሌሊት ካደረ በኋላም ይጣመማል። የተጣመመ ፍሬም መሃሉን ይጫናል፣ ማዕዘኑን ይለቃል፤ ማዕዘን ላይ ያለው ቅጠል ተጨማዶ ይደርቃል።

ሲረከቡ ሁለት ነገር መሞከር በቂ ነው። አንደኛ፣ ፍሬሙን በሁለት ተቃራኒ ማዕዘን ይዞ መጠምዘዝ፤ ከተንቋቋ ወይም ከተወላገደ መስክ ላይ ሳምንት አይቆይም። ሁለተኛ፣ ሁለቱን ፍሬሞች ፊት ለፊት ገጥሞ ወደ ብርሃን ማየት፤ በአንድ በኩል ብርሃን የሚያሾልክ ከሆነ አንደኛው ተጣሟል። ቫርኒሽ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ደካማው ክፍል እንምጣ። ከፍሬሙ ጋር የሚሰጠው ቀበቶ በአብዛኛው የጥጥ ጠፍር ወይም ፕላስቲክ ዘለበት ያለው የቦርሳ ማንገቻ ሲሆን ርዝመቱም 120 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ሦስት ችግር አለበት። የመጀመሪያው ርዝመቱ ነው። ቀበቶው የሚዞረው በፍሬሙ አጭር ጎን ስለሆነ የሚያስፈልገው ርዝመት የፍሬሙ ስፋትና የእስሩ (ተደራርቦ የታሰረው ሁሉ) ከፍታ ተደምረው በሁለት የተባዙት፣ በላዩም ለመጎተቻ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። ከፍታው 45 ሴንቲ ሜትር ለሆነ እስር 150፣ ከመጎተቻው ጋር 180 ማለት ነው። በ120ው ቀበቶ መያዝ የሚቻለው ከፍታው ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ እስር ብቻ ነው፤ ይህ የአንድ ቀን ሥራ እንኳ ላይሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ ጥጡ እርጥበት ይጠጣል፤ የረጠበ ጥጥ ዘለበት ውስጥ ይንሸራተታል፣ ሰንብቶም ይሻግታል። ሦስተኛው፣ ፕላስቲኩ ዘለበት ሙቀት ሲያገኘው ይለሰልስና ጥርሱ ይለቃል፤ ያውም ሌሊት፣ ሰው በሌለበት፣ ከከሰል በላይ።

መፍትሔው የጭነት ማሰሪያ ነው። የመኪና ዕቃ የሚሸጥባቸው ሱቆች ውስጥ የሚገኘው፣ ስፋቱ ከ2.5 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ የብረት ጥርስ ዘለበት ያለው የናይለን ቀበቶ፤ ለአንድ ፕሬስ ሁለት፣ እያንዳንዱ 2 ሜትር። ከዚህ በተጨማሪ ከመኪና ከመነዳሪ በ3 ሴንቲ ሜትር ስፋት የተቆረጠ ላስቲክ መያዝ ጥሩ ነው። ዕፅዋቱ ውኃቸውን ሲለቁ እስሩ ቁመቱ ይቀንሳል፣ ቀበቶውም ይላላል፤ ላስቲኩ ግን አብሮ እየተሰበሰበ ግፊቱን ይጠብቃል። መኪና ላይም ሆነ በፀሐይ ሲደርቅ ከማንኛውም ማሰሪያ የተሻለ ነው። እሳት አጠገብ ግን አይቀርብም፤ ላስቲክ ሲግል ይበላሻል፣ ጠረኑም ናሙናው ላይ ይቀራል።

ካርቶኑ የሁሉም ቁልፍ ነው። ሁለት ወረቀት መሃል ሞገድ ያለው ተራ የዕቃ ካርቶን 45 በ30 ተደርጎ ይቆረጣል፤ ቦዮቹ መሄድ ያለባቸው ግን በ30ው ሴንቲ ሜትር አቅጣጫ ነው። ለምን? ፕሬሱ ማታ ሙቀት ላይ ሲቀመጥ በረጅም ጎኑ ይቆማል። ያን ጊዜ የቦዮቹ አፍ አንዱ ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ላይ ይሆናል፤ ሞቃቱ አየር ከታች ገብቶ 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ተጉዞ፣ ውኃውን ይዞ በላይ ይወጣል፤ ልክ እንደ ጭስ ማውጫ። ቦዮቹ በ45ቱ አቅጣጫ ከሄዱ ሁለቱም አፎች ወደ ጎን ይዞራሉ፣ ሙቀቱ ከታች ይመታል እንጂ ውስጥ አይገባም። ውጭ ያለው ናሙና ይጠበሳል፣ መሃል ያለው ይሻግታል። አናጺው ወይም ረዳቱ ይህን ስለማያውቅ ካርቶኑን ብክነት እንዳይኖር እንደተመቸው ይቆርጠዋል፤ አንድ እስር ውስጥ ሁለቱም አቅጣጫ ተደባልቆ መምጣቱ የተለመደ ነው። ካርቶኑን በራስ መቁረጥ፣ ወይም ናሙና ቆርጦ ለአናጺው በእጁ መስጠት ያስፈልጋል።

ቦዩ ክፍት መሆኑን ለማወቅ በአፍ መንፋት ነው፤ ትንፋሹ በሌላኛው ጫፍ መዳፍ ላይ ካልተሰማ ካርቶኑ ተደፍጥጧል ማለት ነው፣ ይጣል። ሰም የተቀባ የፍራፍሬ ወይም የዓሣ ካርቶን ፈጽሞ አይገባም። ለ50 ናሙና 51 ካርቶን፣ በላዩም የሚደፈጠጠውን ለመተካት 15 ያህል ትርፍ ይዞ መውጣት ያዋጣል። ቀበቶው የሚያርፍበት ቦታ ቀድሞ ስለሚደፈጠጥ በየቀኑ ቀበቶውን ጥቂት ጣት ማዘዋወር የካርቶኑን ዕድሜ ያራዝማል።

ወረቀቱ ቀለም የሌለው ወይም የታተመ የጋዜጣ ወረቀት ይሁን፤ የሚያብረቀርቅ የመጽሔት ወረቀት ውኃ አይመጥም። 58 በ42 ተቆርጦ መሃሉ ላይ ሲታጠፍ 29 በ42 ይሆናል፣ ከሄርባሪየሙ ወረቀት ጋር እኩል። የሰብሳቢው ቁጥር በእርሳስ ጠርዙ ላይ ይጻፋል፤ ቀለም እርጥበት ሲያገኘው ይሟሟል። ናሙናው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከዚያው ወረቀት አይወጣም። በፀሐይ ብቻ የሚያደርቅ ሰው በወረቀቱና በካርቶኑ መሃል መጣጭ ወረቀት ያስገባና በየቀኑ እሱን ብቻ ይለውጣል። በሙቀት ለሚያደርቅ ግን መጣጩ አየሩን ስለሚያዘገይ ባይኖር ይመረጣል።

አጠቃቀሙ ላይ የሚበላሸው አብዛኛው ነገር የመጀመሪያው ቀን ላይ ነው። 20 በ20 ሜትር ኳድራት (ዕፅዋቱ የሚቆጠርበት የተለካ ቦታ) ውስጥ የዛፉ ሁሉ ግንድ ውፍረት በ1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ይለካል፣ ስሙ ካልታወቀው ቅርንጫፍ ይቆረጣል፤ ጠዋት የተቆረጠው ከሰዓት ከረጢት ውስጥ ጠውልጎ ሲገኝ ፕሬስ አያድነውም። ስለዚህ ደኑ ውስጥ 15 ወይም 20 ወረቀት የያዘ ቀላል ፕሬስ፣ ካምፕ ደግሞ ዋናው ማድረቂያ ፕሬስ ቢኖር ይመከራል። ማታ ሁሉም ወደ ዋናው ይዛወራል። የመጀመሪያውን ሌሊት ለዘብ አድርጎ ማሰር፤ ሲለሰልስ በማግሥቱ ተፈትቶ የታጠፈው ቅጠል ይቃናል፣ ቢያንስ አንድ ቅጠል በጀርባው ይገለበጣል፣ ከዚያ በኋላ ፍሬሙ ላይ ተንበርክኮ ጠንከር አድርጎ ማሰር። መጀመሪያውኑ ጠንክሮ የታሰረ እስር ፍሬውን ይፈጨዋል፣ የታጠፈውንም እንደታጠፈ ያደርቀዋል።

መብራት በሌለበት ሙቀቱ ከከሰል ይመጣል። ፕሬሱ በረጅም ጎኑ ሁለት ድጋፍ ላይ ይቆማል፤ ምድጃው ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ መሃላቸው ላይ የተበሳሳ ቆርቆሮ። ቆርቆሮው ሙቀቱን ያከፋፍላል፣ የሚረግፈው ደረቅ ቅጠልም ፍም ላይ እንዳይወድቅ ይከለክላል። የሚፈለገው ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። መለኪያ ከሌለ መዳፍን በፕሬሱ አናት ላይ መያዝ ነው፤ ሳይለበልብ ማቆየት ከተቻለ ልክ ነው፣ ከተቃጠለ ምድጃው ይራቅ። ከ60 በላይ ቅጠሉ ይበስላል፣ ይጠቁራል፣ ሲነካም ይሰባበራል። እንጨት ነዶ የሚጨስበት ማድ ቤት ጣሪያ ስር መስቀል ጥላሸት ያለብሰዋል። ከሁሉ በላይ ሰው በሚተኛበት ድንኳን ወይም ክፍል ውስጥ ከሰል አይቀመጥም። የከሰል ጢስ ባይታይም ይገድላል፤ ናሙና ለማትረፍ ተብሎ ሰው መጥፋት የለበትም።

በሁለተኛው ጠዋት ፕሬሱ ሲፈታ ምን ማየት እንዳለብን በቀረሮ ዛፍ እናሳይ። ቅጠሉ ወፍራምና ቆዳ መሰል ነው፣ ሲቆረጥም ነጭ ወተት ይወጣዋል። ገጹ ደርቆ ይታያል፣ ያታልላል። ወረቀቱን ገልጦ የቅጠሉን ጀርባ ከከንፈር ጋር ማስነካት ነው፤ ከቀዘቀዘ ውስጡ ገና ውኃ አለ። ከዚያ ቅርንጫፉን በአንድ ጫፍ ማንሳት፤ የደረቀው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ያልደረቀው ያጎነብሳል። በመጨረሻ መካከለኛውን ጅማትና የእምቡጡን እግር በጥፍር መጫን፤ ጥፍር ከሰመጠ ተመልሶ ይገባል። ከጎኑ የነበረው የብሳና ቅጠል በዚሁ ሰዓት ደርቆ ሊሆን ስለሚችል የደረቀውን እያወጡ ያልደረቀውን ወደ መሃል መመለስ እንጂ ሁሉንም በአንድ ቀን ማውጣት ስህተት ነው። ደህና ካርቶን ያለው ፕሬስ ብዙውን ቅጠል ከ24 እስከ 48 ሰዓት ያደርቃል። በአንጻሩ እንደ አቀንጭራ ያሉት የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢደርቁ መጥቆራቸው አይቀርም፤ እሱ የፕሬሱ ጥፋት አይደለም፣ ቀለሙን በሕይወት ሳለ መጻፍ ነው።

ማንኛውም ፕሬስ ብቻውን የማይወጣቸው ዕፅዋትም አሉ። እንሶስላ ውኃ የሞላው ግንድና ስስ አበባ ስላለው እዚያው እንደተቆረጠ፣ አበባው ለብቻው ተከፍቶ በስስ ወረቀት መሃል መግባት አለበት፤ እስከ ካምፕ አይጠብቅም። እሬትና ቁልቋል ርዝመታቸውን ተሰንጥቀው፣ ውስጣቸው ተፍቆ ካልገቡ ፕሬስ ውስጥ ሆነው ማደጋቸውን ይቀጥላሉ። አስታ ሲደርቅ ቅጠሉ ይረግፋል፤ ከመታሰሩ በፊት ለጥቂት ሰከንድ የፈላ ውኃ ውስጥ ነከር ማድረግ ብዙውን ያቆየዋል። ወፍራም ፍሬ ያለበት ቅርንጫፍ ዙሪያው ክፍት ስለሚቀር ቅጠሉ እንዳይጨማደድ ስስ ስፖንጅ ይደረግበታል፤ ስፖንጁን አናጺው አይሰጥም፣ ከፍራሽ ቤት በ1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ማስቆረጥ ይቻላል።

ዝናቡ ሳያቋርጥ ከሰል ማንደድም የማይቻልበት ጉዞ ላይ አልኮል ይያዝ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ዕፅዋት በሰበሰበው በጀርመናዊው ሽዋይንፉርት ስም የሚጠራው ዘዴ ዛሬም ይሠራል፦ በጋዜጣ የታጠፉት ናሙናዎች በእስር ወፍራም ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይገባሉ፣ ወረቀቱ እስኪርስ 60 ወይም 70 በመቶ አልኮል ይፈስባቸዋል፣ ከረጢቱ አየር እንዳያስገባ ይታሸጋል። ለሳምንታት ይቆያል፤ ፕሬስ ላይ የሚደርቀው ከተማ ሲገባ ነው። ቀለሙ ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ ለዘረመል ጥናትም ጥሩ አይሆንም፤ ለዚያ ከመንከሩ በፊት ትንሽ ቅጠል ተቆርጦ በክብደት አሥር እጥፍ በሆነ እርጥበት መጣጭ ሲሊካ ጄል ውስጥ ይቀመጥ።

ሌሎቹን አማራጮች በተመለከተ፦ ከኮምፔርሳቶ ወይም ከቺፑድ የሚሠራው ድፍን ፕሬስ ርካሽ ነው፣ ግፊቱም እኩል ነው። ቺፑድ ግን እርጥበት ሲያገኘው ያብጥና ይፈረፈራል፤ ለእርጥብ ደን አንመክረውም። ኮምፔርሳቶው ለደኑ ውስጥ ቀላል ፕሬስ ይሆናል። ከውጭ የሚመጣው የአሉሚኒየም ሞገድ ሉህ ከካርቶን በፍጥነት ያደርቃል፣ አይደፈጠጥም፤ ክብደቱን በእግር ለሚሄድ ቡድን ማን እንደሚሸከመው ግን አስቀድሞ መታሰብ አለበት።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ለማን እንደምናደርግ የሚጠይቅ ካለ፣ ጀርመናዊው ሽምፐር እ.ኤ.አ. ከ1837 ጀምሮ በትግራይና በስሜን የሰበሰባቸው ናሙናዎች ዛሬም በአውሮፓ ሄርባሪየሞች ወጥተው ይመረመራሉ። አሁን የሚሰበሰበውም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም ሲገባ ያን ያህል ዕድሜ ሊኖረው ይገባል። ዝርያውን የሚለየው ሰው የሚፈልገው አበባና ፍሬ ነው፤ አበባው የሻገተበት ናሙና ኳድራቱ ዝርዝር ላይ «ያልታወቀ» ሆኖ ይቀራል፣ ያ ዛፍም ከትንተናው ይወጣል።

ለአናጺው የሚሰጠው ትእዛዝ እንግዲህ ይህ ነው፦ 45 በ30 የሆነ፣ ከደረቀ የፈረንጅ ጽድ ወይም ግራቪሊያ፣ 5 በ7 ርብራብ፣ ምስማሩ ወደ ውጭ የታጠፈ፣ ያለ ቫርኒሽ፣ ያለ ቀበቶ፣ ያለ ካርቶን። ያለ ቀበቶና ያለ ካርቶን ሲባል ዋጋው እንዲቀንስ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ በሚተርፈው ብር የብረት ዘለበት ያለው ቀበቶ ይገዛበታል።

ወቅቱ ሲያልቅ ናሙናዎቹ ሄርባሪየም ከመግባታቸው በፊት ተባዩ እንዲሞት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ቢያንስ 48 ሰዓት ይቆያሉ። ካርቶኑ ግን ይረሳል፤ ጥንዚዛው ቦዩ ውስጥ እንቁላል ጥሎ ለከርሞ ስብስብ ይጠብቃል። ካርቶኑም በፕላስቲክ ታሽጎ አብሮ በረዶ ቤት ይግባ፤ ቦታ ከሌለ ይቃጠልና ለሚቀጥለው መስከረም አዲስ ይቆረጥ።